ግድግዳችን ላይ ያለችው ሸረሪት የእነማን ወገን ናት?

ጀጎል ውስጥ የተከራየሁት ክፍል ግድግዳው የድሮ ድንጋይ ነው። በየጊዜው ኖራ ይቀባል፤ ስንጥቁ ግን በኖራ አይደፈንም። በቀደም አከራዬ ለበዓል ቤቱን ሲጠርጉ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ይቺን እያት። ትናንት ጠረግኳት። ዛሬ መልሳ ሠርታለች።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። የሃምሳ ሳንቲም ያህል ስፋት ያላት ስስ ነጭ ድር ናት። ስንጥቁ ላይ እንደ ክዳን ተለጥፋለች። ሥሯ ከምስር ፍሬ የምታንስ ሸረሪት ተጣብቃ ተኝታለች።

«መርዝ አላት?»

«ሰው የሚጎዳ አይደለም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምንድን ናት?»

«ሸረሪት ናት።»

«ሸረሪትነቷማ ለእኔም ይታየኛል። የምን ዘር ናት ነው የምልህ።»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ሊቃውንቱን መቶ ዓመት ያህል አሳስቷል። ይቺን ምስር የምታህል ሸረሪት ከሥጋ ዘመዶቿ ለይተው ሌላ ሰፈር አስቀምጠዋት ነበር። እንዴት እንደተሳሳቱና እንዴት እንደታረሙ ማየት ሸረሪት፣ ወፍም ሆነ ዛፍ በምን እንደሚመደብ ያስረዳል። እኔም ለአከራዬ መልስ ስፈልግ ነው ነገሩ ውስጥ የገባሁት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ስምንት እግር ያለው ሁሉ ሸረሪት ነው?

አይደለም። ጉንዳን፣ ዝንብ፣ በረሮ ስድስት እግር አላቸው፤ ነፍሳት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሸረሪት ነፍሳት ውስጥ አትገባም። ስምንት እግር ካላቸው ከነጊንጥና ከነመዥገር ጋር ናት። እዚያ ውስጥም ቢሆን ራሷን የቻለች ክፍል ናት። መለያዋ ከሆዷ ጫፍ ባሉ ትንንሽ ቱቦዎች ድር መፍተሏ ነው።

ወደ ድሬዳዋ ቆላ ብትወርዱ ማታ መብራት ሥር እንደ እብድ የሚሯሯጥ ጸጉራም ነገር ታያላችሁ። የግመል ሸረሪት የሚሉት አሉ። እሱ ሸረሪት አይደለም። ድር የሚባል ነገር አያውቅም። የፊት መዳሰሻዎቹ እግር ስለሚመስሉ እንዲያውም አሥር እግር ያለው ይመስላል። ሸረሪት መባሉ ስም ብቻ ነው፤ የሸረሪት ቤተ ዘመድ ሲቆጠር አይጠራም።

«ዘር መቁጠር» በእንስሳ ላይ እንዴት ይሆናል?

በብዙ የአገራችን ክፍል ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አጋጣሚ ሆኖ የሥነ ሕይወት ሰዎች ዋና ዋና እርከኖችም ሰባት ናቸው። በአማርኛ ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን እና ዝርያ ተብለዋል። ከላይ ሰፊው ነው፤ ወደ ታች ስትወርድ እየጠበበ ይሄዳል።

የእኛን ሸረሪት እንቁጠራት። ስፍኗ እንስሳ ነው። ክፍለ ስፍኗ እግራቸው ባለ አንጓ የሆኑት ናቸው፤ ሸርጣንም ንብም እዚያ አሉ። መደቧ እነ ጊንጥ ያሉበት ነው። ክፍለ መደቧ ሸረሪቶች ናቸው። ከዚያ በታች ያለው አስተኔ ነው፤ ቤተሰብ ማለት ነው። አስተኔ የሚለው ቃል ከመጽሐፍ ውጭ ብዙም ስለማይሰማ ከዚህ በኋላ ቤተሰብ እላለሁ። ክርክሩ የተነሣው እዚህ እርከን ላይ ነው።

ከሽማግሌዎቹ ቆጠራ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ሽማግሌዎቹ የአያትና የቅድመ አያት ስም ያውቃሉ፤ ካላወቁ የሚጠይቁት ሰው አለ። ሸረሪት ግን አያቷን አትነግርህም። ዘመዷን የምታገኘው ከአካሏ፣ ከአኗኗሯ፣ አሁን አሁን ደግሞ ከዘረመሏ አንብበህ ነው። ማንበብ ያለበት ቦታ ሁሉ መሳሳት አለ።

የሚነበበው ደግሞ ብዙ ነው። በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው የሸረሪት ዝርያዎች በሚያዝያ 2022 ላይ 50,000 ሞልተዋል። መዝገቡ ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይጠበቃል። ቤተሰቦቹ ከ130 በላይ ናቸው። ትልቁ የዘላይ ሸረሪቶች ቤተሰብ ነው፤ ብቻውን ከ6,000 በላይ ዝርያ አለው። የእኛዋ ቤተሰብ ግን መቶን ጥቂት አልፎ የቆመ ትንሽ ቤት ነው። ስሙን የሰማ ሰው ማግኘትም ይከብዳል።

ስሟ ማን ይባላል?

የወገኗ ስም ኢኮቢየስ ነው። ያወጣላት ፈረንሳዊው ኢፖሊት ሉካ ነው፤ በ1846፣ ከአልጄሪያ የመጡ ሸረሪቶችን ሲመረምር። ቃሉ ከግሪክ ነው። «ኦይኮስ» ቤት፣ «ቢዮስ» ሕይወት። ስሟ «በቤት የምትኖር» እንደማለት ነው። ኢኮኖሚ የሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «ኢኮ» ያቺው ቤት ናት። እኔ ስሙን ወድጄዋለሁ፤ ሉካ የሰው ግድግዳ ላይ ተመልክቷት እንደሆነ ያስታውቃል።

የቤተሰቧ ስም ደግሞ ኢኮቢዴ ነው። የእንስሳት ቤተሰብ ስም ሁሉ በዚህ «ኢዴ» ይጨርሳል። በአማርኛ ቁርጥ ያለ አቻ አለን፤ «እነ» ነው። «እነ ከበደ» ስንል ከበደንና ቤቱን በሙሉ ማለታችን ነው። ኢኮቢዴ ማለትም «እነ ኢኮቢየስ» ነው። ይህን ካወቃችሁ በ«ኢዴ» የሚያልቅ የሳይንስ ስም ስታዩ አትደንግጡ፤ እነ እንትና በሉትና እለፉት።

የአንድ ዝርያ ሙሉ ስም ሁለት ቃል ነው። እኛ የራሳችንን ስም አስቀድመን የአባታችንን እናስከትላለን። እነሱ ይገለብጡታል፤ መጀመሪያ የወገኑ ስም፣ ቀጥሎ የዝርያው። ይህ ሥርዓት ለእንስሳት ሁሉ የሚጀምረው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1758 ካወጣው መጽሐፍ ነው። ሸረሪቶች ግን ልዩ መብት አላቸው። የሌላው ስዊድናዊ የካርል ክለርክ የሸረሪት መጽሐፍ በ1757 ስለወጣ፣ እሱ ያወጣቸው ስሞች ከሊኒየስም ይቀድማሉ ተብሎ ተደንግጓል። በእንስሳት ስም አወጣጥ ሊኒየስን የቀደመ ሌላ የለም።

ከሌላ ሸረሪት በምን ትታወቃለች?

ትንሽ ናት፤ አብዛኞቹ ከሦስት ከአራት ሚሊሜትር አይበልጡም። ፊቷ ክብ ነው። ስምንቱ ዓይኖቿ መሐል ላይ እንደ ተሰበሰበ እፍኝ ጥራጥሬ ተጠጋግተዋል። እግሮቿ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚዘረጉ ስትተኛ ኮከብ ትመስላለች። ከሆዷ ጫፍ ደግሞ ረዣዥም ጸጉር ያለባት እብጠት አለች፤ ጸጉሩ በሁለት ረድፍ እንደ ዘርፍ ተሰካክቷል። ይህን ዘርፍ ያዙልኝ፤ በኋላ ምስክር ሆኖ ይመጣል።

የምትበላው በብዛት ጉንዳን ነው። ጉንዳን ደግሞ ቀላል አደን አይደለም። ይነክሳል፤ አንዳንዱ ከሷ ይበልጣል፤ ጓደኞቹም ቅርብ ናቸው። እሷም ፊት ለፊት አትገጥመውም። ጉንዳኑ የድሯን ጠርዝ ሲረግጥ ትወጣለች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ በዙሪያው መሮጥ ትጀምራለች። እየዞረች ድሯን ትለቅበታለች፤ በዚያ ዘርፍ ባለው ጫፏ እያገዘች ታዳርሰዋለች። ጉንዳኑ ወደ ቀኝ ሲዞር እሷ ግራ ናት። ትንሽ ቆይቶ ወለሉ ላይ ተሰፍቶ ይቀራል። የምትነክሰው ከዚያ በኋላ ነው። («ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ጠብቃችሁ ነበር። አላነሣውም። እሷ የምታስረው ብቻዋን ነው።)

ይህን ዙሪት በዓይኔ ለማየት ሦስት ምሽት በባትሪ መብራት ግድግዳ ሥር ቁጭ ብያለሁ። በሦስተኛው ቀን አየሁት። ጠቅላላው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነበር፤ አከራዬ ደግሞ ሦስቱንም ቀን ጤንነቴን ተጠራጥረዋል።

ታዲያ ሊቃውንቱ የተሳሳቱት ምን ላይ ነው?

ወንፊት ላይ ነው።

አንዳንድ ሸረሪቶች ድር ከሚፈትሉባቸው ቱቦዎች ፊት አንዲት ጠፍጣፋ ሳህን አላቸው። በሷ ላይ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አፎች አሉ። ክሪቤለም ትባላለች፤ በላቲን ትንሽ ወንፊት ማለት ነው። ባለ ወንፊቶቹ በኋላ እግራቸው ላይ ደግሞ እንደ ሚዶ የተደረደረ ጸጉር አላቸው። ከወንፊቷ የሚወጣውን በጣም ቀጭን ክር በዚያ ሚዶ ያበጥሩታል።

እናቱ ጥጥ ስትነድፍ ያየ ሰው ውጤቱ ቶሎ ይገባዋል። ፈትል ሌላ ነው፣ ባዘቶ ሌላ ነው። ተራው የሸረሪት ክር ፈትል ነው። ከወንፊትና ከሚዶ የሚወጣው ባዘቶ ነው። ሙጫ የለበትም፤ ግን የዝንብ እግር ገብቶበት አይወጣም። ባዘቶ ሹራብ ላይ ሲለጠፍ ለቅሞ መጨረስ እንደሚያስቸግረው ነው። ወንፊት የሌላቸው ብዙ ሸረሪቶች ግን ሌላ ዘዴ አላቸው፤ ክራቸው ላይ የሙጫ ጠብታ ይደረድራሉ፣ ወይም ያለ ወጥመድ እየሮጡ ያድናሉ።

በ1800ዎቹ የነበሩ ሊቃውንት ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው። ሸረሪትን ሁሉ የሚለይ ግልጽ ምልክት ያገኙ መሰላቸው፤ ባለ ወንፊት በዚህ፣ ወንፊት የለሽ በዚያ። በየበሩ ቆሞ «ወንፊት አላችሁ?» እያሉ እንደ መመዝገብ ነው። ፈረንሳዊው ኡዤን ሲሞንም በ1892 ማሳተም በጀመረው ትልቅ የሸረሪት ሥራው በዚሁ ተጓዘ። ሲሞን በሺህ የሚቆጠሩ ዝርያዎችን የሰየመ ሰው ነው። እሱ ያለው ነገር በቀላሉ አይነቀነቅም።

ችግሩ ዩሮክቲያ የምትባል ሌላ ሸረሪት ነበረች።

ዩሮክቲያ ከኢኮቢየስ በጣም ትበልጣለች፤ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያልፉ አሉ። በሜዲትራንያን ዙሪያ ያለችው ዝርያ ጥቁር ናት፤ ጀርባዋ ላይ አምስት ቢጫ ነጠብጣብ አላት። (አምስቱን የጀጎል በሮች አስታውሳኛለች፤ በምደባው ግን ምንም አይጠቅምም።) የምትኖረው በድንጋይ ሥር ነው። ከድንጋዩ ሆድ ላይ ድንኳን የመሰለ ድር ትሰቅላለች፤ ጠርዙ ላይ በርካታ መውጫ አለው። ከበላችው የተረፈውን ጉንዳን ቅርፊት ድንኳኑ ላይ ታንጠለጥላለች። እና ወንፊት የላትም።

ስለዚህ ተለያዩ። ዩሮክቲያ ከ1869 ጀምሮ የራሷ ቤተሰብ ተሰጣት፤ የሰጣትም ስዊድናዊው ቶሬል ነው። ኢኮቢየስ ቀደም ብሎ በ1862 በእንግሊዛዊው ብላክዎል የተመሠረተላት ቤተሰብ ነበራት። አንዷ ባለ ወንፊቶች ሰፈር፣ ሌላዋ ወንፊት የለሾች ሰፈር። በመሐላቸው ትልቁ ግንብ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው ግን ይደናገራል። ፊታቸው ያው ክብ ነው። ዓይናቸው ያው እፍኝ ሆኖ መሐል ላይ ነው። ሆዳቸው ጫፍ ላይ ያው ዘርፍ አለ። ያው ዙሪት አለ፤ ዩሮክቲያም ጀርባዋን ሰጥታ ጉንዳኑን እየዞረች ትሰፋዋለች። እና ጥያቄው ይህ ሆነ፦ እነዚህ ሁሉ መመሳሰሎች በአጋጣሚ የመጡ ናቸው? ወይስ ወንፊቱ ነው ያሳሳተን?

የጎደለ ነገር ዝምድና ያሳያል?

በአያቶቻችን ዘመን በየቤቱ የወፍጮ ድንጋይ ነበር። ሞተር ወፍጮ ሲመጣ አንዱ ቤት ዛሬ ጣለው፣ ሌላው ነገ ጣለው፣ ጥቂቱ እስካሁን አለው። ዛሬ ድንጋይ የሌላቸውን ቤቶች ሰብስበህ «እናንተ የአንድ አያት ልጆች ናችሁ» ብትል ይስቁብሃል። እያንዳንዱ የጣለው በራሱ ጊዜ ነው። ድንጋዩን ያቆዩትንም «እናንተ ደግሞ ወንድማማች ናችሁ» ልትላቸው አትችልም። እነሱ የሁሉም የነበረውን ነው ያቆዩት።

ወንፊቱም እንዲሁ ነው። አብዛኛው ሸረሪት ከሚገኝበት ትልቅ ጎራ የጥንት አያቶች ወንፊት ነበራቸው። ልጆቻቸው በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ቦታ፣ ደጋግመው ጣሉት። ባዘቶ መሥራት ብዙ ጊዜና ድካም ይጠይቃል፤ ሙጫ ወይም ሩጫ ያገኘ ቤት ወንፊቱ ባይኖረውም ይኖራል። ስለዚህ ወንፊት አለመኖር ዝምድና አይመሰክርም፤ መኖሩም ከሩቅ አያት በቀር ማንንም አያስቆጥርም።

ይህን ለመጠርጠር እንዲያውም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ከባለ ወንፊቶቹ ወንዱ ሲጎለምስ ወንፊቱ ይደክማል፤ ድር መሥራት ትቶ ሴት ፍለጋ ይዞራልና አይፈልገውም። ወንፊትን ብቻ መለኪያ ብታደርግ ባልና ሚስትን ልታፋታ ነው።

ነገሩን በሰፊው ያናጋው ፊንላንዳዊው ፔካ ሌህቲነን ነው። በ1967 ባሳተመው ሥራ ባለ ወንፊቶችን አንድ በአንድ አገላብጦ፣ ብዙዎቹ ከሰፈራቸው ሰዎች ይልቅ ከግንቡ ማዶ ካሉት ጋር እንደሚዛመዱ ሞገተ። ከዚያ ወዲህ ኢኮቢየስና ዩሮክቲያ በአንድ ቤተሰብ ስም ይጠራሉ።

ከሁሉ የምወደው ምስክር ግን በ1976 የመጣው ነው። ከደቡብ አፍሪካ አንዲት ትንሽ ሸረሪት ተገኘች። ቁመናዋ የኢኮቢየስ ነው፤ ወንፊት ግን የላትም። ኩልማን እና ሲመርማን የተባሉት ሊቃውንት የወገን ስም ሲያወጡላት ሁለቱን ስሞች አጋቡ፤ «ዩሮኢኮቢየስ» አሏት። የዝርያ ስሟ ደግሞ «ኤክሪቤላተስ» ነው፤ ወንፊት የለሿ። ክርክሩ በሙሉ በአንድ ስም ውስጥ ተቀምጧል። እንደዚህ ያለ ስም አወጣጥ የትም አላየሁም።

ታዲያ ዝምድና የሚያሳየው የትኛው ምልክት ነው? አዲስ የመጣና የጋራ የሆነው። ሌላ ቤት የሌለ፣ እዚህ ቤት ብቻ ከአንድ አያት የተወረሰ። የእነ ኢኮቢየስ እንዲህ ያለ ምልክት ያ ጫፋቸው ላይ ያለው ባለ ሁለት ረድፍ ዘርፍ ነው። በአንድ ቤት ልጆች ሁሉ ጆሮ ላይ እንደምታዩት የተለየች ምልክት ማለት ነው። ያቺን ስታይ «የእነ እንትና ልጅ ነህ እንዴ?» ብለህ ትጠይቃለህ። ወፍጮ ድንጋይ ስላጣ ሰው ግን እንዲህ አትጠይቅም።

ዲኤንኤው ምን አለ?

ከ2010ዎቹ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች በዘረመል ተነጻጽረዋል። የእነ ኢኮቢየስ የቅርብ ዘመድ ተብሎ ቀድሞም ሲጠረጠር የነበረ አንድ ቤተሰብ አለ፤ ሄርሲሊዴ ይባላል። በእኛ አህጉር የዛፍ ግንድ ላይ የሚኖሩ፣ ከኋላቸው ሁለት ረዣዥም ጭራ የሚመስል ነገር ያላቸው ናቸው። ጭራ አይደለም፤ የድር መፍተያቸው ነው። እነሱም የያዙትን እየዞሩ ነው የሚጠቀልሉት።

ጥናቶቹ በአካባቢው ሁለት ሌሎች ቤተሰቦችም አሉ ይላሉ። አንዱ መረብ ሠርቶ በፊት እግሮቹ ዘርግቶ ይዞ የሚያልፈውን የሚያጠምድ ነው። ሌላው፣ ኡሎቦሪዴ የሚባለው፣ መርዝ የለውም፤ በሸረሪት ዓለም ይህ ብርቅ ነው። ከአራቱ ማን ለማን ይቀርባል የሚለው ግን ገና ያከራክራል።

እና ግድግዳዬ ላይ ያለችው የትኛዋ ዝርያ ናት?

እዚህ ላይ ዓይን አይበቃም። ቤተሰቡንና ወገኑን በጥሩ አጉሊ መነጽር መናገር ይቻላል። ዝርያ ግን የሚለየው በመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። በወንዱ ፊት ላይ ያሉት ሁለት መዳሰሻዎች ጫፍና በሴቷ ሆድ ሥር ያለችው ትንሽ ሳህን በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ሸረሪቷ የጎለመሰች መሆን አለባት፤ ልጅ ከሆነች ያ አካል ገና አልወጣም። ከዚያ በአልኮል ተይዛ ሙዚየም ትቀመጣለች። አንድ ዝርያ መጀመሪያ ሲሰየም መለኪያ የሆነችው ናሙና በተለይ ትጠበቃለች፤ ጥርጣሬ በተነሣ ቁጥር ወደ እሷ ይመለሳሉ። ከአገራችን የሄዱ ናሙናዎችም በዚህ መልክ ተጠንተዋል፤ ጣሊያናዊው ፒየትሮ ፓቬሲ በ1883 ከሸዋ ስለተሰበሰቡ ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸው አሳትሟል።

ቀለም ብቻ አይቶ መሰየም ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ታሪክ ከዚሁ ወገን ልንገራችሁ። ሉካ በ1846 ከአልጄሪያ አንዷን «አኑሊፔስ» አላት፤ እግሯ ላይ ቀለበት ያለባት ማለት ነው። ብላክዎል በ1859 ከማዴይራ ደሴት ሌላዋን «ናቩስ» አላት። ሁለቱም እግራቸው ላይ ቀለበት አለ! ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ናቩስን ያገኙ ብዙ ሰዎች አኑሊፔስ እያሉ ጻፉላት። ይህ ተራ ስህተት እንዳይመስላችሁ። ናቩስ ከሰው ዕቃ ጋር እየተጓዘች ዓለምን ያዳረሰች ናት፤ በየአህጉሩ ግድግዳ ላይ አለች። በየአገሩ በተሳሳተ ስም ስትመዘገብ የሌላዋ ዝርያ አገር በወረቀት ላይ ያለ አግባብ ሰፋ።

የዚህ ተቃራኒም ይሆናል። አንዷን ዝርያ ሦስት ሰው በሦስት አገር ሦስት ስም ያወጣላታል። ያኔ ሕጉ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ይጸናል፣ የቀሩት የታሪክ መዝገብ ይሆናሉ። የድሮ የሸረሪት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ስም ዛሬ ሲፈለግ ሌላ ቦታ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሰዎች «ሳይንቲስቶች ስም ይለዋውጣሉ» ብለው ያማርራሉ። እኔ ቅሬታው አይገባኝም። ዘመድ ተሳስቶ ተቆጥሮ ከሆነ ማረም ነው እንጂ፣ ለስሙ ተብሎ እንዴት ይተዋል?

ሸረሪት ሸናችብኝ የሚባለውስ?

ይህን ሳልጠቅስ ብጨርስ አከራዬ ይቀየሙኛል። ቆዳ ላይ በአንድ ጎን መስመር ይዞ የሚወጣውን፣ የሚያቃጥለውን ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ እንለዋለን። ብዙ ሰው ሸረሪት ሸንታበት ነው ይላል። ሸረሪት የለችበትም። የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ የሚያስይዘው ቫይረስ ነው። ጉድፉ ከዳነ በኋላ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ሰውነት ሲደክም ይነሣል። መስመር የሚይዘውም ነርቩን ተከትሎ ስለሚወጣ ነው። ሲጀምር ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። በተለይ ዓይን አካባቢ ከሆነ ማደር የለበትም። ግድግዳ መጥረግ ለዚህ አይረዳም።

ይህን ሁሉ ይዤ ባለፈው እሑድ ከቡና በፊት አከራዬ ጋ ሄድኩ። ወንፊቱን ነገርኳቸው፣ ባዘቶውን ነገርኳቸው። ባዘቶው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ናቩስ ማለት በላቲን ታታሪ ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ሳቁ፤ ያቺ ድር አሁንም ከተጠረገች በማግሥቱ ተሠርታ ነበር። የእኛዋ ናቩስ ትሁን ሌላ ግን በዓይን አይለይም አልኳቸው።

«እሺ፣ ዘሯስ?» አሉኝ።

«እነ ኢኮቢየስ ናቸው።»

«እነ ማን?»